240 ንብረት፣ 31 ምድብ፦ የቡድን መልእክት ለምን ለማይመለከተው ሰው ይደርሳል?

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የጭነት መኪና፣ ተሳቢ፣ ፎርክሊፍትና ጀነሬተር ተደምሮ ወደ 240 የሚጠጉ ንብረቶችን በአንድ የጂፒኤስ መከታተያ ሶፍትዌር እናስተዳድራለን። ባለፉት ሦስት ዓመታት 31 ምድብ ፈጥረናል። አሁን አንድን ንብረት ፈልጎ ለማግኘት እንኳ ጊዜ ይወስድብናል። በቅርቡ ደግሞ ለአንድ ቅርንጫፍ ሹፌሮች ብቻ የታሰበ የመንገድ ለውጥ መልእክት ለሌሎችም ሄደ። ያለ ምክንያት ዞረው የተጓዙ መኪኖች ነበሩ። መልእክቱ ሊደርሳቸው ከሚገባው ሹፌሮች ውስጥ ግን አራቱ ምንም አላገኙም። ምድቦቹን እንዴት እናደራጃቸው? የቡድን መልእክትስ እንዴት ቢላክ ይሻላል?»

ሁለት ጥያቄ ይመስላል እንጂ የሁለቱም ሥር አንድ ነው። ምድቦቻችሁ ሁለት ሥራ ደርበው ይዘዋል። አንዱ ሥራ ንብረቱ የየትኛው ክፍል እንደሆነና ማን ሊያየው እንደሚችል መወሰን ነው። ይህ ለወራት ሳይለወጥ ይቆያል። ሌላው ሥራ ዛሬ፣ አሁን፣ ይህን መልእክት ማን መስማት እንዳለበት መለየት ነው። ይህ በየሰዓቱ ይለወጣል። አንድ ዝርዝር ለሁለቱም ሲያገለግል፣ የመጀመሪያውን ለማስተካከል የሚደረግ እያንዳንዱ ለውጥ ሁለተኛውን ያበላሻል። እርስዎም የገጠመዎት ይኸው ይመስለኛል።

አንድ ምድብ፣ አንድ ጥያቄ

31ዱንም ምድቦች ወረቀት ላይ ይጻፏቸው። ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ ምድቡ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ያስፍሩ። እኔ ባየኋቸው ድርጅቶች ዝርዝሩ ይመሳሰላል። «ሰሜን ቅርንጫፍ» የሚል አለ፤ ይህ «የማን ነው?» ለሚለው መልስ ነው። «ማቀዝቀዣ ያላቸው» የሚል አለ፤ ይህ «ምን ዓይነት ነው?» ለሚለው ነው። «የሌሊት ፈረቃ» የሚል አለ፤ ይህ ደግሞ «አሁን ምን እየሠራ ነው?» ለሚለው። ከዚያ «አዲስ የገቡ»፣ «ሙከራ 2» እና ማን እንደፈጠረው የማይታወቅ አንድ ሌላ ምድብ አይጠፋም። ሦስት ዓይነት ጥያቄ አንድ ዛፍ ላይ፣ ማለትም አንዱ ምድብ ከሌላው ሥር በሚደረደርበት ዝርዝር ላይ፣ ተሰቅሏል ማለት ነው። ታዲያ ማቀዝቀዣ ያለው የሰሜን ቅርንጫፍ መኪና በሌሊት ሲሠራ የቱ ውስጥ ይግባ? አንዱ ሠራተኛ እዚህ ያስገባዋል፣ ሌላው እዚያ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ዝርዝሩ የሚዝረከረከው ግን ከዚህ ተነስቶ ነው።

ዛፉን «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ ይተዉት። ከላይ ድርጅቱ፣ ከሥሩ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ሥር ደግሞ ንብረቱ የሚያድርበት ግቢ ወይም የሚሠራበት ክፍል። ሦስት እርከን በቂ ነው። አራተኛ እርከን ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚያስተካክለው ሰው ሲኖር ግን እምብዛም አላየሁም።

የንብረቱ ዓይነት በምድብ መገለጽ የለበትም። ተሳቢ ነገ ፎርክሊፍት አይሆንም። ስለዚህ ዓይነቱን በንብረቱ መዝገብ ላይ እንደ መለያ ወይም ታግ ያስገቡት። ሲፈልጉ በመለያው ያጣራሉ። «አሁን ምን እየሠራ ነው?» የሚለው ደግሞ ከስምሪት መርሐ ግብሩና ከመሣሪያው ከራሱ የሚመጣ ነገር ነው። ሞተሩ ተነስቷል? የካርታ አጥሩ፣ ማለትም ካርታ ላይ የተሰመረው የቦታ ወሰን፣ ውስጥ ነው? ዛሬ ጉዞ ተመድቦለታል? ይህን በእጅ በተሠራ ምድብ ለመያዝ መሞከር ጠዋት ተሠርቶ ከምሳ በፊት የሚያረጅ ዝርዝር መሥራት ነው።

ከዚህ በፊት ግን ሶፍትዌርዎ ምን እንደሚፈቅድ ይወቁ። በዚህ ነገር በጣም ይለያያሉ። ትራካር፣ ዊያሎንና ጂኦታብ የሚባሉትን የመከታተያ ሶፍትዌሮች እንይ። ትራካር ላይ አንድ መሣሪያ የሚገባው በአንድ ምድብ ብቻ ነው። ምድቡ ግን በሌላ ምድብ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ለላይኛው የሰጡት ፈቃድ፣ የካርታ አጥርና ማሳወቂያም ወደ ታች ይወርዳል። ዊያሎን ላይ አንድ ተሽከርካሪ በብዙ ምድብ ሊገባ ይችላል። ጂኦታብም አንድን መኪና በብዙ ምድብ ማስገባት ይፈቅዳል፣ ምድቦቹም በዛፍ መልክ ይደረደራሉ። የእርስዎ ሶፍትዌር አንድ ምድብ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ያቺን አንድ ቦታ ለፈቃድ ያውሏት። ብዙ የሚፈቅድ ከሆነ ነፃነቱ ደስ ይላል፤ 31 ምድብ የሚወለደውም ከዚያ ነፃነት ነው።

ስለ ቀለምና ስለ ምልክት ብዙ አልልም። ቀለም ለዓይነት፣ ስም ለሰሌዳ ቁጥር ይሁን። የስምሪት ሠራተኛ ስልክ ይዞ የሚፈልገው ሰሌዳውን ነው።

መሣሪያው ሌላ፣ መኪናው ሌላ

መከታተያ መሣሪያው አይኤምኢአይ የሚባል 15 አሃዝ ያለው የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ሰርቨሩ የሚያውቀው ይህን ቁጥር ነው። መኪናውን አያውቀውም። ብዙ ውዥንብር የሚጀምረው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ጋራዥ ውስጥ የሚሆነውን ላሳይዎት። አንድ መኪና ሞተሩ ተበላሽቶ ለሁለት ወር ይቆማል። መካኒኩ መከታተያውን ፈትቶ ሌላ ቅርንጫፍ ውስጥ ለሚሠራ መኪና ይገጥመዋል። ለቢሮ ይደውላል። ቢሮ ያለው ሠራተኛ ሶፍትዌሩን ከፍቶ የድሮውን ሰሌዳ ያጠፋና አዲሱን ይጽፋል። ካርታው ላይ ሁሉም ልክ ይመስላል። ምድቡ ግን የድሮው ነው። የሹፌሩ ስልክ ቁጥርም የድሮው ነው። ያለፈው ስድስት ወር የጉዞ ታሪክ ደግሞ የአዲሱ መኪና ታሪክ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአዲሱ ቅርንጫፍ የሚላክ መልእክት ለዚህ መኪና አይደርሰውም። ለድሮው ቅርንጫፍ የሚላከው ግን ይደርሰዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መሣሪያ ሲዛወር ስም አይቀየርም። ሶፍትዌሩ ንብረትንና መሣሪያን ለየብቻ የሚመዘግብ ከሆነ መሣሪያውን ከአንዱ ንብረት ነቅለው ከሌላው ጋር ያያይዙት። አንድ ላይ የሚመዘግብ ከሆነ የመኪናውን መዝገብ እንዳለ ትተው አይኤምኢአይ ቁጥሩን ይቀይሩ። ምድቡ፣ ሹፌሩና ታሪኩ ከመኪናው ጋር ይቀራሉ። ይህን ለመካኒኩም ለቢሮውም አንድ ገጽ ላይ ጽፈው ይስጡ። እኔ ከሁሉም ምክሬ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ማጽዳቱ እንዴት ይጀመር?

31ዱን በአንድ ቀን አያጥፏቸው። ምድብ ሲሰረዝ ከእሱ ጋር የታሰረ ማንቂያ፣ የካርታ አጥርና በየሳምንቱ በራሱ የሚላክ ሪፖርት አብሮ ሊቋረጥ ይችላል። መቋረጡን የሚነግርዎት ደግሞ የለም። ሪፖርቱ አለመምጣቱን የሚያስተውለው ሰው ዕረፍት ላይ ከሆነ ወር ያልፋል።

መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ኤክሴል ያውጡ። ሰሌዳ፣ አይኤምኢአይ፣ የሲም ካርድ ቁጥር፣ ቅርንጫፍ፣ ዓይነት፣ ሹፌር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ምልክት የላከበት ቀን። ከዚያ በመጨረሻው ቀን ይደርድሩት። ከላይ ጸጥ ያሉት ይመጣሉ። አንዳንዱ የተሸጠ መኪና ነው። አንዳንዱ ሲሙ የተዘጋ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ግቢ ጥግ ላይ ቆሞ ባትሪው ያለቀ ነው። እነዚህን «ምርመራ» በሚል አንድ ምድብ ሰብስበው አንድ ሰው በአካል ሄዶ እንዲያያቸው ያድርጉ። ይህን ሳያደርጉ አዲስ ዛፍ ቢሠሩ ያለውንም የሌለውንም ነው የሚያደራጁት።

አዲሱን ዛፍ ከድሮው ጎን ይትከሉ። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ያዛውሩ። ማንቂያውንና ፈቃዱን አዲሱ ላይ ይሥሩ። አንድ ሳምንት ይዩት። ከዚያ ቀጣዩን ቅርንጫፍ። ሶፍትዌሩ አንድ ምድብ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ የድሮው ምድብ በየደረጃው ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሆኖ ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ ይሰርዙት።

አንድ ነገር ልጨምር። ምንም ምድብ የሌለው ንብረት ከሁሉም የባሰ ነው። የቅርንጫፍ ኃላፊው የሚያየው የራሱን ምድብ ብቻ ስለሆነ ምድብ አልባ መኪና ከዋናው አስተዳዳሪ በቀር ለማንም አይታይም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀን፣ ምድብ የሌላቸውን አጣርቶ ማየት የአንድ ሰው ሥራ ይሁን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«መልእክት» ስንል ሦስት ነገር ነው

አሁን ወደ መልእክቱ። ሶፍትዌሮቹ «ላክ» በሚል አንድ ቁልፍ ሥር ሦስት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። አንዱ ለሹፌር የሚሄድ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ለመሣሪያው የሚሄድ ትዕዛዝ ነው፤ በየስንት ደቂቃው ምልክት ይላክ፣ መሣሪያው ዳግም ይነሳ፣ ይህ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘጋ የሚል። ሦስተኛው ከንብረቱ ተነስቶ ወደ ቢሮ የሚመጣ ማንቂያ ነው።

የተሳሳተ ጽሑፍ ለ20 ሰው ቢሄድ ይቅርታ ይጠየቃል። የተሳሳተ ትዕዛዝ ለ20 መኪና ቢሄድ ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ፈቃዱን ይለዩ። የስምሪት ሠራተኛ ጽሑፍ ይላክ፤ ትዕዛዝ የመላክ ፈቃድ ሊኖረው አይገባም። «ለሁሉም» የሚለውን ምርጫ ሁለት ሰው ብቻ ይያዘው።

ማንቂያውን በአጭሩ ልለፈው። የሙቀት ማንቂያ ማቀዝቀዣ ካላቸው ጋር ብቻ ይታሰር፤ ተቀባዩም የፈረቃው ተረኛ ይሁን። በር ለጥቂት ደቂቃ ሲከፈት ሙቀቱ ስለሚጨምር ወዲያው እንዳይጮህ የ10 ደቂቃ ያህል መዘግየት ይስጡት። ሁሉም ማንቂያ ለሁሉም ሰው የሚደርስበት ቢሮ ውስጥ ማንቂያ የሚያነብ ሰው አይገኝም።

ለሹፌር የሚላክ ጽሑፍ

መኪና ጽሑፍ አያነብም። የሚያነበው በዚያ ሰዓት መሪውን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ጉዳዩ የማን እንደሆነ ይለዩ። ነገ ፈረቃህ ተቀይሯል የሚለው የሰው ጉዳይ ነው፤ ወደ ሰውየው ስልክ ይሂድ። ዘይት የሚቀየርበት ቀን ደርሷል የሚለው የመኪና ጉዳይ ነው፤ መኪናው ውስጥ ያለው ስክሪን ላይ ይውጣ፣ ማንም ቢይዘው ያየዋል። መንገድ ተዘግቷል የሚለው ደግሞ የቦታ ጉዳይ ነው፤ አሁን በዚያ አካባቢ ላሉትና ወደዚያ ለሚያመሩት ይሂድ። የእርስዎ መልእክት ሦስተኛው ዓይነት ነበር። የተላከው ግን በቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ የሌላ ሆኖ በዚያ መንገድ ላይ የነበረ መኪና ቢኖር ኖሮ ማንም አይነግረውም ነበር።

የመንገድ መልእክት ሲሆን ካርታው ላይ አጥር ይሳሉ፣ ውስጡ ያሉትን ያጣሩ፣ ዛሬ ወደዚያ የተመደቡትን ይጨምሩ። ከዚያ ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት ቁጥሩን ይዩ። 12 ጠብቀው 19 ተቀባይ ካሳየዎት ያቁሙ። ሰባቱ እነማን ናቸው? ብዙ ጊዜ መልሱ ዋናውን ምድብ ሲመርጡ ንዑሶቹም አብረው መግባታቸው ነው። አንዳንድ ሶፍትዌር ንዑሶቹን ያካትታል፣ አንዳንዱ አያካትትም፣ አንዳንዱ ምርጫውን ለእርስዎ ይተዋል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሦስት የቢሮ ስልኮችን ብቻ በያዘ የሙከራ ምድብ ዛሬውኑ ይሞክሩት።

የላኩበትን ዝርዝር እንዳለ ያስቀምጡ። መልእክቱን ማረም ወይም መሻር ሲያስፈልግ የሚላከው ለዚያው ዝርዝር ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ቢያጣሩ ውጤቱ ሌላ ነው። አጥሩን ያለፈ ሹፌር ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ መንገዱ መከፈቱን ሳይሰማ ሲመለስም ይዞራል።

ጽሑፉ ራሱ አጭር ይሁን። «ውድ አሽከርካሪዎቻችን፣ በመንገድ ጥገና ምክንያት አማራጭ መንገዶችን እንድትጠቀሙ በትሕትና እናሳስባለን» የሚል መልእክት ብዙ ጊዜ አያለሁ። ትሕትናው ጥሩ ነው። ግን የቱ መንገድ? እስከ ስንት ሰዓት? በየት በኩል? ሹፌሩ መልሶ መደወሉ አይቀርም። እንዲህ ቢሆንስ፦ «የምሥራቁ ድልድይ እስከ 17:00 ዝግ ነው። በቀለበት መንገድ ይዙሩ። ሲያዩ 1 ይላኩ።» ነጥቡና ክፍተቱ ተቆጥሮ 54 ፊደል ነው። ቦታ፣ ሰዓት፣ የሚደረገው ነገር፣ መልስ። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ፊደሉን የቆጠርኩት በምክንያት ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፊደል የሚይዘው ቦታ ይበልጣል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፤ ማያያዣው ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ክፍል የሚይዘው 67 ፊደል ይሆናል። 75 ፊደል ያለው መልእክት ለ80 ሹፌር ሲላክ 160 ኤስኤምኤስ ሆኖ ይቆጠራል። ክፍያው ብቻ አይደለም ችግሩ። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። «ይዙሩ» የሚለው ቃል ሁለተኛው ክፍል ላይ ከሆነ ሹፌሩ ግማሹን ይዞ መንገዱን ይቀጥላል።

በሳተላይት ለሚገናኙ ንብረቶችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኢሪዲየም አጭር ዳታ አገልግሎት በተለመዱት ትንንሽ ሞደሞች ላይ ወደ መሣሪያው የሚልከው በአንድ ጊዜ እስከ 270 ባይት ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የተለመደ የፊደል መመዝገቢያ ዘዴ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ጣሪያዎ 90 ፊደል ነው።

ከዚያ «ተልኳል» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ያንብቡት። መልእክቱ ከሰርቨሩ ወጣ ማለት ብቻ ነው። «ደርሷል» ማለት ስልኩ ተቀበለው ማለት ነው። «ታይቷል» ማለት ስክሪኑ ተከፍቷል ማለት ነው። ሹፌሩ እንደተረዳ የሚያሳየው የራሱ መልስ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚከታተሉት ዝርዝር የመለሱትን ሳይሆን ያልመለሱትን ይሁን። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያልመለሰ ይደወልለት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። የሚነዳ ሰው መልእክት ማንበብ የለበትም። መኪናው እስኪቆም ድረስ ጽሑፉን የሚይዝ፣ ወይም ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ሥርዓት ካለ ያብሩት። የመልስ ሰዓቱንም መኪናው ከቆመበት ጊዜ ጀምሮ ይቁጠሩ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልመለስክ ብሎ የሚቆጣ የስምሪት ቢሮ ሹፌሩን መሪ ላይ ሆኖ ስልክ እንዲነካ እያስገደደው ነው። የትኛውም ጭነት ይህን ያህል አይቸኩልም።

ዕድሜውንም ይወስኑለት። የሹፌር መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ ማሳወቂያ የሚልኩት ፋየርቤዝ በሚባለው የጉግል አገልግሎት በኩል ነው። ስልኩ ኦፍላይን ከሆነና ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት ፋየርቤዝ መልእክቱን እስከ አራት ሳምንት ድረስ ሊያቆየው ይችላል። ከዕረፍት የተመለሰ ሹፌር ስልኩን ሲከፍት «ድልድዩ ዝግ ነው» የሚል ያገኛል። ድልድዩ ከተከፈተ ግን 20 ቀን አልፎታል። የመንገድ መልእክት ዕድሜው መንገዱ እስከሚከፈትበት ሰዓት ይሁን። ሰዓቱን ጽሑፉ ውስጥም ማስገባት ያስፈልጋል፤ ላይኛው ምሳሌ ላይ 17:00 ያልኩት ለዚህ ነው።

የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ ምን ያንሰናል የሚሉ አሉ። ለጭውውትና ለአጠቃላይ ማስታወቂያ አይከፋም። ግን 40 «እሺ» ተከታትሎ ሲመጣ ማን እንዳልመለሰ ለማወቅ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መቁጠር አለበት። መልሱም ከመኪናው ጋር አይያያዝም።

ለመሣሪያ የሚላክ ትዕዛዝ

ይህን በራሴ ላይ ከደረሰው ልንገርዎት። በአንድ ወቅት ሰባት ተሳቢዎች በየ5 ደቂቃው ቦታቸውን እንዲያሳውቁ ማድረግ ነበረብኝ፣ ለሁለት ቀን ብቻ። የተሳቢ መከታተያዎቹ በባትሪ የሚሠሩ ናቸው። ይተኛሉ፣ በቀን አንድ ጊዜ ይነቃሉ፣ ቦታቸውን ልከው ተመልሰው ይተኛሉ። እኔ የመረጥኩት ሰባቱ ያሉበትን ንዑስ ምድብ መስሎኝ ነበር። የመረጥኩት ግን ዋናውን «ተሳቢዎች» የሚል ምድብ ነው፣ 63 መሣሪያ ያለበትን። ስህተቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ አየሁና የድሮውን ቅንብር መልሼ ላክሁ። የተረጋጋሁት በከንቱ ነበር። ሁለቱም ትዕዛዞች ወረፋ ላይ ተቀምጠዋል። ሌሊት መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ሲነቁ የመጀመሪያውን ተቀበሉ። ብዙዎቹ ሁለተኛውን ሳይወስዱ ግንኙነቱ ተዘጋ፤ ሰርቨሩ ግን እንደተላከ ቆጥሮ ከወረፋው አወጣው። በቀን አንድ ጊዜ ይልክ የነበረ መሣሪያ በቀን 288 ጊዜ መላክ ጀመረ። ለዓመታት ይበቃል የተባለ ባትሪ በጥቂት ሳምንታት አለቀ። ከዚያ በየግቢው እየዞርን፣ ተሳቢ ሥር እየገባን፣ ባትሪ ቀየርን።

ያኔ ማድረግ የነበረብኝ አዲስ ትዕዛዝ መላክ ሳይሆን ወረፋውን ከፍቶ ያልሄዱትን ማጥፋት ነበር። የሚተኛ መሣሪያ ላይ የተላከ ትዕዛዝ አልደረሰም ማለት ቀርቷል ማለት አይደለም። ይጠብቃል። ሎራዋን በሚባለው ትንሽ ኃይል የሚፈጅ የሬዲዮ ግንኙነት የሚሠሩ የክፍል «ኤ» መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ራሳቸው ከላኩ በኋላ ለአጭር ጊዜ ብቻ ያዳምጣሉ፣ በሌላ ጊዜ ጆሯቸው ዝግ ነው። ለእንዲህ ያለ ቡድን የተላከ ነገር በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይደርሳል ብለው አይጠብቁ። በእያንዳንዱ የመንቂያ ሰዓት ይንጠባጠባል።

ስለዚህ ትዕዛዝ መጀመሪያ ለአንድ መሣሪያ ይላክ። መልሱን ይዩ፣ ቀጣዩ ምልክት በተጠበቀው ሰዓት መምጣቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ለአምስት። ከዚያ ለቡድኑ። ቡድኑ ደግሞ በቅርንጫፍ ሳይሆን በሞዴልና በመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር ስሪት የተጣራ መሆን አለበት፣ የአንዱ አምራች ትዕዛዝ ለሌላው ትርጉም የለውምና። ሞዴሉን በንብረቱ መዝገብ ላይ ካስገቡት ማጣራቱ ቀላል ነው።

ትንንሽ ነገሮች ደግሞ ሰዓታት ይበላሉ። ቴልቶኒካ የተባለው አምራች መሣሪያ ላይ በኤስኤምኤስ ትዕዛዝ ሲላክ መጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃል ከትዕዛዙ በፊት ይገባሉ። ሁለቱም ካልተቀናበሩ በቦታቸው ሁለት ባዶ ክፍተት መግባት አለበት። ያቺን ክፍተት አንድ ሰው ኮፒ ሲያደርግ ይቆርጣትና 30 መሣሪያ በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። ሁሉም ሲም ካርዱን ይጠረጥራል። በዳታ በኩል የሚልኩ ከሆነ ኮዴክ 14 የሚባለው የመልእክት ቅርጽ አይኤምኢአይ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል፤ መሣሪያው ቁጥሩ የራሱ ካልሆነ ትዕዛዙን አይፈጽምም። መሣሪያ በብዛት ለሚያዛውር ድርጅት ጥሩ መከላከያ ነው።

ሞተር የሚያጠፋው ትዕዛዝ ለቡድን ፈጽሞ አይላክ። ሶፍትዌሩ ቢፈቅድም አይላክ። አንድ መኪና፣ ቦታውና ፍጥነቱ ታይቶ፣ መቆሙ ተረጋግጦ፣ ሁለተኛ ሰው አጽድቆት። ካርታው ላይ ቆሞ የሚታይ መኪና ምልክቱ የቆየ ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻው ምልክት ስንት ሰከንድ እንደሆነውም ይታይ።

አራቱ ሹፌሮች

መልእክቱ ያልደረሳቸውን አራቱን ዛሬ ሊያጣሯቸው ይችላሉ። ለእያንዳንዳቸው የያዙትን መኪና ሰሌዳ ይጻፉ፣ መሣሪያው ላይ ያለውን አይኤምኢአይ በአካል ያንብቡ፣ ሶፍትዌሩ ላይ ካለው ጋር ያነጻጽሩ። ካልገጠመ መሣሪያው ተዛውሯል፤ ታሪኩንም ያገኙታል። ከገጠመ ምድቡን ይዩ፤ ምናልባት ሶፍትዌሩ አንድ ምድብ ብቻ የሚፈቅድ ሆኖ አንድ ሰው «ማቀዝቀዣ ያላቸው» ውስጥ ሲያስገባቸው ከቅርንጫፉ ወጥተዋል። ምድቡም ልክ ከሆነ የሹፌሩን ስልክ ቁጥር ይዩ፣ ከዚያ በዚያ ሰዓት መኪናው ላይ የተመዘገበው ሹፌር ማን እንደነበር። በመታወቂያ ካርድ ወይም በመተግበሪያ የማይገቡ ሹፌሮች መኪና ሲለዋወጡ ሶፍትዌሩ አያውቅም፤ መልእክቱ ቤቱ ተኝቶ ላለው ሰው ሄዶ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ቅደም ተከተል ሄደው አንዱ ጋ ካልቆመ የሶፍትዌሩን ስምና አንድ ምድብ ብቻ ይፍቀድ ወይስ ብዙ ይጻፉልኝ። የላኪውን መዝገብ አብረን እናየዋለን።